ትራፊውን ማን ያንሣ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ጌታችን በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ አምስት ሺህ ሰው ከመገበ በኋላ፣ የተረፈው ቁርስራሽ እንዲሰበሰብ ደቀ መዛሙርቱን አዘዘ። አሥራ ሁለት መሶብም ሞላ። ጥቂቱን አበርክቶ መስጠት የሚችል አምላክ ትራፊውን ሜዳ ላይ ጥሎ አልሄደም። እኛስ?

ባለፈው ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ብቸና ስመለስ እናቴን አዝና አገኘኋት። አንዲቱ ላም ሆዷ ተነፍቶ፣ ሣር እንቢ ብላ ሞታለች። ቢከፍቷት ጨጓራዋ ውስጥ የተጠቀለለ ፌስታል ተገኘ። የምግብ ሽታ ስላለበት ትውጠዋለች፤ ሊፈጭላት ግን አይችልም። እናቴ «ማን ይሆን የጣለው?» ስትል አፈርሁ። ከገበያ ስመለስ እኔም ስንቱን ጥያለሁና። አምና ለጥምቀት ሞጣ ዘመድ ጥየቃ ሄጄም፣ ጠበል የቀዳሁበትን ሀይላንድ እዚያው ባሕረ ጥምቀቱ ዳር ትቼ ተመልሻለሁ።

ፕላስቲክ የሚሠራው ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። እንደ ጤፍ ጭድ በስብሶ አፈር አይሆንም፤ እየደቀቀ ይኖራል እንጂ። ቢያቃጥሉትም መርዛማ ጭስ ይወጣዋል። «ቆራሌው ይወስደዋል፤ ፋብሪካ ያቀልጠዋል» የምንል አለን። እርግጥ ነው፤ ሀይላንድ ተፈጭቶና ቀልጦ ክር ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዓለም ላይ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ከተጣለው ፕላስቲክ ዳግመኛ ለሥራ የዋለው ከመቶ 9 ያህሉ ብቻ ነው። ስሱና የቆሸሸው ፌስታልማ ገዢ እምብዛም የለውም። ማቅለጥ እንደ ንስሐ ነው፤ ንስሐ አለ ተብሎ ግን ኃጢአት አይሠራም።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ለሆነ ፌስታል የማምረትና የማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከለከለ፤ ፌስታሉ ግን ከእጃችን አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከ2,000 እስከ 5,000 ብር መቀጮ ያለበት ሌላ አዋጅ አጽድቋል። ሕግ ቢጠነክርም ሰው በሌለበት ሜዳ የሚቆጣጠረን ኅሊናችን ነው።

ስለዚህ ገበያ ስንወጣ ዘንቢል እንያዝ። ጠበል ስንቀዳ አጥበን ደግመን በምንይዘው ዕቃ እንቅዳ። የብቸናም የሞጣም ወጣቶች በጥምቀት ማግሥት ጆንያ ይዘን የወደቀውን እንልቀም። እኔ ለእናቴ ጥያቄ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።