የሰንጋ ዕድሜ

የቀንድ ከብት ከበሽታና ከቢላ ከተረፈ 15፣ አንዳንዴም 20 ዓመት ይኖራል። ቢግ በርታ የምትባለው የአየርላንድ ላም እ.ኤ.አ. በ1993 መጨረሻ የሞተችው 49 ዓመት ሊሞላት ሦስት ወር እንኳ ሳይቀራት ነው። በእህል የሚደልብ የሥጋ ከብት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ዓመት በታች ሳለ ይታረዳል፤ መኖር ከሚችለው ከአሥር አንዱን ያህል ኖሮ ማለት ነው። እንስሳ አርዶ መብላት የተፈቀደ ነው ብሎ የሚያምን ሰውም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም፦ ያለጊዜው የተቆረጠ ዕድሜ በከብቱ ላይ የተፈጸመ በደል ነው ወይስ የባለቤቱ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ?

ሒሳቡ የሚመነጨው ከዕድገቱ ነው። ጊደር ለኮርማ የምትደርሰው ከዕድሜዋ ይልቅ በሰውነቷ ነው። ጥሩ መኖ ያገኘች የአውሮፓ ዝርያ ከ12 እስከ 15 ወሯ ኮርማ ትፈልጋለች፤ በ2 ዓመቷም ትወልዳለች። በቦረና ግጦሽ ያደገች ጊደር ግን ድርቁ እድገቷን ስለሚያዘገየው የመጀመሪያ ጥጃዋን የምትወልደው 4 ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው። ወይፈንም አጥንቱ ጠንክሮ ሙሉ በሬ እስኪሆን 4 ወይም 5 ዓመት ይወስድበታል። የበላውን ወደ ሥጋ የሚለውጥበት ፍጥነት ግን ከዚያ ቀድሞ ይቀንሳል፤ ጭማሪው ወደ ስብ ያደላል፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሚያስፈልገው መኖም ይበዛል። በዚህ ምክንያት ለአድላቢው የሚያዋጣው ጊዜ ከብቱ ገና ሳይጎለምስ ያልቃል።

የግሪኩ ፈላስፋ ኤፒኩረስ፣ ሞት ሲመጣ ሟቹ ስለሌለ ሞት ማንንም አይጎዳም ብሎ አስተምሯል። ነገን የማያቅድ ከብት ሲሞት የሚያጣው የለም የሚሉ ሰዎች ክርክሩን ከዚህ ያቀራርቡታል። ይሁን እንጂ ሕፃንም ነገን አያቅድም፤ ቢሞት ግን ብዙ እንደቀረበት ማንም ይረዳል። ሁለተኛው ክርክር ጠንከር ያለ ነው። እንግሊዛዊው ሌዝሊ ስቲቨን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ሥጋ በላ ባይኖር እነዚህ እንስሳት ጨርሶ ባልተወለዱ ነበር ሲል ተከራከረ። የእንስሳት መብት ተሟጋቹ ሄንሪ ሶልት ደግሞ ያልተፈጠረ ነገር ሊጠቀምም ሊጎዳም አይችልም ብሎ መለሰለት። የስቲቨን ነጥብ ቢቀበሉት እንኳ የሚያስረዳው ከብቱ ለምን እንደተወለደ ነው እንጂ በ8 ዓመቱ ሳይሆን በ18 ወሩ የሚታረድበትን ምክንያት አይደለም።

የሃይማኖት ሕግ ጉዳዩን በሌላ በኩል ይይዘዋል። በኦሪት ዘሌዋውያን ጥጃ 7 ቀን ከእናቱ ጋር ይቆያል፤ ለመሥዋዕት የሚበቃው ከ8ኛው ቀን ጀምሮ ነው፤ እናትና ልጅም በአንድ ቀን አይታረዱም። በአብዛኞቹ የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ዘንድ ለኡድሒያ (ለአረፋ በዓል መሥዋዕት) የሚቀርብ በሬ ወይም ላም 2 ዓመት ሞልቶት 3ኛውን የጀመረ መሆን አለበት። የሕጎቹን ምክንያት ሊቃውንት በተለያየ መንገድ ይተረጉሙታል። ሕጎቹ ለከብቱ ረጅም ዕድሜ ቃል አይገቡለትም፤ ነገር ግን ከዕድሜው አራጁ እጁን የማያነሣበት ድርሻ ይከልሉለታል። ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፤ ባለቤትነት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ሙሉ ሥልጣን አይሰጥም ማለት ነውና።

ዓመት መቁጠር ብቻውን ግን አይበቃም። የሐረርጌ ገበሬ ወይፈኑን ጠምዶ ለተወሰኑ ዓመታት ያርስበታል፤ ኋላም ደጁ ላይ አስሮ፣ ከማሳው የሚነቅለውን የማሽላና የበቆሎ ቡቃያ በእጁ እያጎረሰ አድልቦ ሰንጋውን ይሸጠዋል። ይህ በሬ እስኪጎለምስ ኖሯል፤ ብዙዎቹ ዓመታቱ ግን ከቀንበር ጋር ያለፉ ናቸው። እህል የሚያበራይን በሬ አፉን ማሰር የሚከለክለው የኦሪት ዘዳግም ሕግም የሚመለከተው ይህንኑ ነው፤ ከብት ስንት ዓመት እንደኖረ ብቻ ሳይሆን በኖረበት ጊዜ ምን እንዳገኘ ይጠይቃል። ረጅምና የመከራ ዕድሜ ከአጭርና ከተመቸ ዕድሜ ይበልጣል ማለት አይቻልም።

ከብት እስኪጎለምስ መጠበቅ ዋጋ ያስከፍላል። በዚያው ሣርና በዚያው ውሃ ለዕርድ የሚደርሰው ቁጥር ያንሳል፤ ሥጋ ይወደዳል፤ ለአንድ ኪሎ ሥጋ የሚወጣው የሚቴን ጋዝም ይጨምራል። ጋዙን ለመቀነስ አንዱ መንገድ የመንጋውን ብዛት ማሳነስ ነው፤ ያ ከሆነ ሥጋ በኢትዮጵያ ገጠር ብዙ ቤተሰብ ዘንድ እንደቆየው የበዓል ምግብ ይሆናል። ከብቱን በልጅነቱ በማረድ ወጪው የሚተርፈው ለበላተኛው ነው፤ የሚከፍለው ከብቱ ነው። ዕርዱ ሲዘገይ ክፍያው ወደ በላተኛው ይዞራል።