ሽምደዳ ዕውቀት ነውን?

ለኮሌጅ መግቢያ ፈተና የሚዘጋጅ ወጣት በቀን 20 የእንግሊዝኛ ቃላት ቢሸመድድ ተማረ እንበለውን? ነገሩ የጥናት ዘዴ ጉዳይ ይመስላል፤ ዳሩ ግን የኅሊና ጥያቄም ነው።

እ.ኤ.አ. የ2023ቱ የሱዳን ጦርነት ከመነሣቱ በፊት በሐጅ ዩሱፍ ማታ ማታ የማስጠናው ወጣት ነበር። ቀን ጡብ ሲሸከም ውሎ ማታ ደብተሩን ይዞ ይመጣል። አንድ ቀን «አባንደን» የሚለውን ቃል ጽፎ «መተው፣ ጥሎ መሄድ» ብሎ ተርጉሞታል። «በል፣ ዓረፍተ ነገር ሥራበት» አልሁት። ዝም አለ። ቆይቶ፣ «መምህር፣ እናቴን ጥዬ መምጣቴን ልጻፍ?» አለኝ። ቃሉን ያወቀው ያን ጊዜ ነው፤ እስከዚያ በእጁ የነበረው ድምፁ ብቻ ነበር።

እርግጥ ፈተናው ይህን አይጠይቅም፤ ምርጫ ሰጥቶ አንዱን አክብብ ይላል። በሩም የሚከፈተው በነጥብ ነው። ስለዚህ ሽምደዳን ጨርሶ የሚንቅ መምህር ለተራበ ሰው ስለ ምግብ ጣዕም የሚሰብክን ይመስላል።

ነገር ግን መዝገበ ቃላቱን ሁሉ መዋጥም ግድ አይደለም። በዳካ የመምህራን ኮሌጅ ያስተማረው ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ዝርዝር መሠረታዊ ብሎ የያዛቸው ቃላት 2,000 ያህል ናቸው። እንግዲህ ቃሉ ይነስ፤ እያንዳንዱ ግን በአንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ይታሰር።

በቋንቋችን ቃል ማለት ኪዳንም ነው። ያልገባንን ቃል ዐውቀነዋል ማለት የማንጠብቀውን ኪዳን እንደ መግባት ነው።