አጥሩና ባለቤቱ

ጎንደር ላይ ጥምቀት ሲደርስ የቀሃ ወንዝ ውሃ ተጠልፎ የአፄ ፋሲልን መዋኛ ይሞላል። ውሃው ከተባረከ በኋላ ወጣቱ እየዘለለ ይገባበታል። «ምነው አቆሸሻችሁት!» የሚል የለም፤ የተሞላው ለዚሁ ነውና። ከከተማዋ ዳር ያለው የአንገረብ ግድብ ውሃ ግን ሌላ ነው። እሱን ጎንደር ትጠጣዋለች።

አንድ የበጋ ቀን ከትክል ድንጋይ ወደ ጎንደር ወርጄ ሳለሁ፣ ከወዳጄ ጋር ወደ ግድቡ ነፋስ ልንቀበል ወጣን። ከብት ውሃ ሊያጠጡ የመጡ ልጆች ይንቦጫረቃሉ። እኔም የተማረ ሰው ነኝና ተቆጣሁ። «አንተ ልጅ፣ ውጣ! የምንጠጣውን እኮ ነው የምታቆሽሸው!» አንዱ ወጥቶ ቁምጣውን እየጨመቀ፣ «ጋሼ፣ የምትጠጡትስ እናንተ ናችሁ። እኛ ቤት ቧንቧው መች መጣና?» አለኝ። መልስ አጣሁ። እስከ ዛሬም ያስጨንቀኛል።

ክልከላው ትክክል እንደሆነ አልጠራጠርም። ከሰው ገላ የሚወጣው ጀርም በዓይን አይታይም። ክሎሪን ብዙውን ቢገድልም ሁሉንም አይገድልም፤ ውሃው ሲደፈርስማ ጉልበቱ ይደክማል። ሀብታሙ የታሸገ ውሃ ገዝቶ ይጠጣል፤ በጀሪካን የሚቀዳው ድሃ ግን የመጣለትን ነው የሚጠጣው። ስለዚህ የአንዱ የግማሽ ሰዓት ደስታ ከብዙ ሰው ጤና አይበልጥም።

ነገር ግን ትክክል የሆነ ሕግ ሁሉ ፍትሐዊ ነው ማለት አይደለም። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገሬ ሰው። እንግዲህ የዚህ ውሃ ባለቤት ማነው? ጠጪው ነው ካልን፣ ዝናቡ የወረደበት ተራራ፣ መሬቱን ለግድቡ የለቀቀው ገበሬ የት ገቡ? ልጁ አጥሩን የነቀነቀው ባለቤቱን ንቆ ሳይሆን ከባለቤቶቹ አንዱ መሆኑን የነገረው ስለሌለ ቢሆንስ?

ደግሞስ አንገረብን እያጠፋው ያለው ዋና ነው እንዴ? ግድቡን የሚሞላው ክረምት በመጣ ቁጥር ከተራቆተው ተዳፋት እየታጠበ የሚገባው ደለል ነው። ዋናተኛው ስለሚታይ እንጮህበታለን፤ አፈሩ ግን ዝም ብሎ ይገባል። የሐረር ከተማ ውሃ ትቀዳበት የነበረው የዓለማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ሲደርቅ ዋኝቶ የጨረሰው አልነበረም። የመስኖው ፓምፕ፣ ደለሉና የዝናቡ ነገር ተባብረው ነው ያደረቁት። ኋላ ውሃው ተመልሶ ቢታይም ትምህርቱ ሊረሳ አይገባም።

የኒውዮርክ ከተማን ነገር ልጥቀስ። በመጠጥ ውሃ ግድቦቿ መዋኘት ክልክል ነው። ፈቃድ ላወጣ ሰው ግን ዓሣ ማጥመድና በእንፋሎት በታጠበች ጀልባ መቅዘፍ ይፈቀዳል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በ1997 እ.ኤ.አ. ከላይኛው ተፋሰስ ነዋሪዎች ጋር ያደረገችው ስምምነት ነው። ውሃዬን ጠብቁልኝ ስትል ወጪውን ራሷ ልትሸከም ቃል ገባች። እኛ ሀብታም አይደለንም፤ ይሁን። «ጠብቅልኝ» ከማለት በፊት «ምን ልካፈልህ?» ብሎ መጠየቅ ግን ሀብት አይጠይቅም።

ከላይ እርከን የሚሠራው ገበሬ የሚጠብቀው የራሱን ማሳ ብቻ ሳይሆን የከተሜውንም ብርጭቆ ነው። ታዲያ ለእሱ መንደር አንድ ቦኖ፣ ለከብቶቹ ከግድቡ ራቅ ያለ የውሃ ገንዳ፣ ለልጆቹ ገላ መታጠቢያ ቢሠራ ምጽዋት ይባላል? እኔ ዕዳ ነው የምለው።

ያን ልጅ ዛሬ ባገኘው አሁንም «ውጣ» እለዋለሁ። የሕፃናት ተቅማጥ ከይሉኝታዬ ይበልጣልና። ግን የተናገርኩት ትእዛዝ ብቻ እንጂ ሕግ እንዳልነበር አሁን ይገባኛል። ሕግ የሚሆነው እሱም ከቧንቧው የጠጣ ዕለት ነው። ያን ጊዜ እኔ መጮህ አይኖርብኝም፤ ታናሽ ወንድሙን ከውሃው የሚያስወጣው እሱ ራሱ ይሆናል።