ክርስቲያን የግድ ወግ አጥባቂ ነውን?

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶብን በሻማ ተቀምጠን ሳለ በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን፣ «ክርስቲያን የሆነ ሰው የፖለቲካ ጥያቄው ያለቀ ነው። የአባቶቹን ሥርዐት ከሚጠብቅ ወገን ጋር ይሰለፋል፤ ሌላው ሁሉ ማወላወል ነው» አለ። ሌላው ደግሞ ከአልጋው ሳይነሣ፣ «እንዲያውም ሃይማኖት ያለው ሰው ፖለቲካ ውስጥ ባይገባ ይሻላል፤ በገባ ቁጥር የሚቆመው ከባለርስቱ ጋር ነው» ብሎ መለሰለት። እኔ ዝም አልኩ። ሐሳብ አጥቼ አይደለም፤ ሁለቱም ግማሽ እውነት የያዙ ስለመሰለኝ ነው። ይህን የምጽፈው ያን ምሽት ያልተናገርኩትን ለመናገር ነው።

ነገሩን ከደጃችን እንጀምረው። በ1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በእርሻ ገቢ ላይ አዲስ ግብር ደነገገ። ሕጉ በወረቀት ላይ ሲያዩት ክፉ አልነበረም። አሥራት የሚባለውን የቆየ ግብር አስቀርቶ፣ ብዙ ያመረተ ብዙ፣ ጥቂት ያመረተ ጥቂት እንዲከፍል ይል ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን ያየው ሌላ ነው፤ ዛሬ ምርቴን የገመተ ነገ መሬቴን ይለካል፣ መሬቴ ከተለካ ደግሞ ርስቴ ርስት መሆኑ ይቀራል አለ። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ደጋ ዳሞት ሸፈቱ። መንግሥት ጦር ላከ፣ ከአውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ግን ያፈገፈገው መንግሥት ነው። ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፉ ግብር ተማረ፤ አዲሱም ግብር በጎጃም ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ።

አያቴ ያን ጊዜ በቢቸና በኩል ገና ጎረምሳ ነበሩ። ነገሩን ሲያወሩ ሁልጊዜ የሚደመድሙት በአንድ ቃል ነው፤ «ርስታችንንም ሃይማኖታችንንም ጠበቅን።» እኛ ተማሮች ይህን ስንሰማ «አድኃሪነት» ብለን ለማለፍ እንቸኩላለን። እኔ ግን አልቸኩልም። ገበሬው ሕጉን ያላመነው ስላልገባው ብቻ አይደለም፤ ሕጉን ይዞ የሚመጣውን ሹም ስለሚያውቀው ነው። ፍትሐዊ የሚባል ሕግ በጉቦኛ እጅ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ከገበሬ በላይ ማን ያውቃል?

ደግሞስ የናቡቴን ታሪክ እንዴት እንርሳው? ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ፈለገ፤ የተሻለ ቦታ ወይም ገንዘብ ልስጥህ አለው። በዛሬ አነጋገር ካሣ ነው፣ ልማትም ነው። ናቡቴ ግን የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ፤ ለዚህም በሐሰት ምስክር ተወግሮ ሞተ። እንግዲህ ናቡቴ ወግ አጥባቂ ነበር፤ ጻድቅም ነበር። ወግ መጠበቅ አንዳንድ ጊዜ ደካማው በኃይለኛው ፊት የቀረችው የመጨረሻ አጥር ናት። የመጀመሪያው ጓደኛችን እውነት እዚህ ላይ ነው።

ነገር ግን አንድ ቀን አያቴን ጠየቅኋቸው። «አባባ፣ በናንተ አገር ሸክላ ሠሪዎቹ ርስት ነበራቸው?» ዝም አሉ። ቆይተው፣ «እነሱማ ሥራቸው ሌላ ነው» አሉ። ተጨማሪ አልጠየቅኋቸውም።

የርስት ሥርዐት በራሱ ሰፊ ነገር ነበር። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በደጋ ዳሞት ተቀምጦ አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ዘር ቆጥሮ መሬት ሊጠይቅ ይችል ነበር፤ ሴትም ትወርስ ነበር። ከብዙ አገር ሥርዐት ይሻላል። ግን ዘር ተቆጥሮ የማይደርስላቸው ነበሩ። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ብዙውን ጊዜም ሙስሊሙ ጎረቤት ከአጥሩ ውጭ ነበሩ። እንጀራችን የሚጋገርበትን ምጣድ የምትሠራዋ ሴት «ቡዳ» ተብላ ደጅ ላይ ትቀመጥ ነበር። የጾሙ፣ የቆረቡ፣ እውነተኛ ጨዋ ሰዎች ናቸው እንዲህ ያደረጉት። የግል ምግባራቸው አይታማም፤ አጥሩን ግን አንድም ቀን ከውጭ ሆነው አላዩትም።

ናቡቴን የሰጠን መጽሐፍ እኮ ኢዮቤልዩንም ሰጥቶናል። በኦሪት ዘሌዋውያን በየሃምሳ ዓመቱ መሬት ወደ መጀመሪያ ባለቤቱ ይመለስ የተባለው፣ መሬቱ የእግዚአብሔር ስለሆነና ሰው በላዩ እንግዳ ስለሆነ ነው። ርስቱን የሚጠብቅ ሰው የናቡቴን ምዕራፍ አንብቦ የኢዮቤልዩን ከዘለለ፣ የጠበቀው ሃይማኖቱን ሳይሆን መሬቱን ነው።

አሁን ደግሞ ለሁለተኛው ጓደኛችን። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ። ሊያርስ የሚፈልግ ሰው ሁሉ ያለ ጾታ ልዩነት እስከ 10 ሄክታር ድረስ እንዲያገኝ ደነገገ። የሸክላ ሠሪዋም ልጅ በሕግ ፊት ሰው ሆነች። እኛ ወንጌል ስናነብ ያላደረግነውን፣ ወንጌል የማያነቡ ሰዎች በአንድ ቀን አዋጅ ጻፉት። ይህን ማመን ያማል፤ ግን እውነት ነው።

ሆኖም እነዚያው ሰዎች በየካቲት 1968 ዓ.ም. የደብረ ኤልያሱን ልጅ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አውርደው አሰሩ። ከቀረቡባቸው ክሶች አንዱ ያለ መንግሥት ፈቃድ ጳጳሳትን ሾሙ የሚል ነበር። ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ተለያዩ ብሎ ያወጀ መንግሥት ስለ ሹመት ፈቃድ ሲጠይቅ ምን ይባላል? በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ገደሏቸው። አፅማቸው ከተጣለበት የወጣው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ሃይማኖትን ከአደባባይ ማስወጣት በራሱ ፍትሕ አያመጣም። ኅሊና ያለው ሰው ከሸንጎ ሲወጣ ወንበሩ ባዶ አይቀርም፤ ኅሊና የሌለው ይቀመጥበታል።

ታዲያ ፓርቲስ? በንጉሡ ዘመን ፓርቲ ክልክል ስለነበረ ወግ አጥባቂነታችን በምርጫ ሳጥን ተፈትኖ አያውቅም። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ሃይማኖት ስለነበረች፣ ዙፋኑን መተቸት መስቀሉን እንደ መተቸት ይቆጠር ነበር። ከአብዮቱ በኋላ እነ ራስ መንገሻ ሥዩምና ጄኔራል ነጋ ተገኝ የመሩት ኢዲዩ ተነሣ። በ1969 ዓ.ም. ሁመራንና መተማን እስከ መያዝ ደርሶም ነበር። የተፈተነው ግን በጠመንጃ ነው እንጂ በድምፅ አይደለም።

በውጭው ዓለም ሁለት ምሳሌ ይበቃናል። በጀርመን ከ1945 እ.ኤ.አ. በኋላ ካቶሊኩና ፕሮቴስታንቱ አንድ ላይ ሆነው የክርስቲያን ዴሞክራቶችን ፓርቲ መሠረቱ፤ ወግ አጥባቂ ነው፣ ግን ተሸንፎ ሥልጣን ማስረከብን አውቆበታል። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የገዛው ናሽናል ፓርቲ የዘር መድልዎን መጽሐፍ ቅዱስ በያዙ ቀሳውስት አስባርኮ ነበር። ዴዝሞንድ ቱቱም የተቃወሙት ያንኑ መጽሐፍ ይዘው ነው። ልዩነቱ በመጽሐፉ አይደለም፤ አንባቢው የቆመው ከአጥሩ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ በሚለው ነው።

ስለዚህ የኔ መልስ ይኼ ነው። ክርስቲያን ወግ አጥባቂ ፓርቲ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ግዴታ ግን የለበትም። ከመግባቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ ይህ ፓርቲ የሚጠብቀው የናቡቴን ርስት ነው ወይስ የአክዓብን? ሁለተኛ፣ ከምንጠብቀው አጥር ውጭ የቀረው ማን ነው? ሦስተኛ፣ ፓርቲዬ ባጠፋ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኔ ልትገሥጸው ትችላለች ወይስ በአንድ ማኅተም ታትመዋል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ሲለይ ብዙ ሰው ቤተ ክርስቲያን የተጎዳች ይመስለዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ያ ድንበር ከተከበረ አብልጦ የሚጠቅመው ቤተ ክርስቲያንን ነው፤ ተከፋይ ያልሆነ ሰው ነው እውነት የሚናገር።

ይህን ሁሉ ስል ራሴን ንጹሕ አድርጌ አይደለም። ዓምና አንድ የክፍል ጓደኛዬ ከሸክላ ሠሪ ቤት መወለዱን አጫወተኝ። ሻይ በኔ ኩባያ ጠጥቶ ሄደ። ከሄደ በኋላ ኩባያውን ሁለት ጊዜ አጠብኩት። የመጀመሪያው ለንጽሕና ነው እንበል፤ ሁለተኛውስ? ያን ዕለት ጾመኛ ነበርኩ። ስለ 1960ውም ሆነ ስለ 1967ቱ ስንት ስብሰባ ላይ ተከራክሬያለሁ፤ አጥሩ ግን በኔ እጅ ላይ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ወደ ማባዣው ከመስጠቴ በፊት ለጓደኛዬ አስነበብኩት፤ አይታተም ካለኝ ልተወው ቆርጬ ነበር። አንብቦ ጨረሰና፣ «ጻፈው፤ ስሜን ግን ተወው» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ደግሞ ያን ቀን ደብተሬን ረስቼ ተመልሼ ነበር። ስታጥብ በር ላይ ቆሜያለሁ» አለኝ።