የጦስኙ ሥር

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጆች፣ ሁለት ወንድማማቾችና እኅታቸው፣ ቤቴ መጥተው «አባባ፣ የጦስኝ ሻይ አሽገን ልንሸጥ ነው፤ ምከሩን» አሉኝ። ፓኬቱን ሳይቀር አስነድፈው ይዘዋል። ጀርባው ላይ «ከትርፋችን ከመቶ አሥሩ ለችግረኞች ይውላል» የሚል አለበት። ደስ አለኝ፤ ዓይኔ ግን እዚያች መስመር ላይ ቀረ። ለእነሱ ያልኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ከጎንደርም፣ ከዳባትም፣ ከደባርቅም በቤተሰብ ለመሥራት የምታስቡ ብዙ ናችሁና።

እኔ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ሠላሳ ዓመት ያህል ነግጃለሁ። ጦስኝ የምገዛው በማዳበሪያ ነበር። ሴቶቹ ከወገራ ሌሊት ተነሥተው ተሸክመው ይመጣሉ። እኔ ማዳበሪያውን በእግሬ ጠቅጥቄ፣ እንደገና አስሞልቼ፣ የአንዱን ዋጋ እከፍላለሁ። ሁሉም የሚያደርገው ነው እያልኩ ኅሊናዬን አስተኛው ነበር። አንድ ዓመት በጥምቀት ለደብሬ ጃንጥላ ገዝቼ ሰጠሁ፤ ካህናቱም ሕዝቡም መረቁኝ። በሳምንቱ አንዲት እናት ማዳበሪያዋን እያስረከበችኝ «ጋሼ፣ ያቺ ጃንጥላ የኔም እጅ አለባት» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ ወዲህ በሚዛን ገዛሁ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ከመቶ አሥሩን ከማጻፋችሁ በፊት ለአንድ ኪሎ ስንት እንደምትከፍሉ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። እርጥብ ጦስኝ ሲደርቅ አብዛኛው ክብደቱ ይሄዳል፤ ደረቁን በእርጥብ ዋጋ አትግዙ። ለለቃሚዋ ሚዛኑን አሳዩአት፣ ቁጥሩን ራሷ ታንብበው፣ ማንበብ ካልቻለች ልጇ ያንብብላት። ገንዘቧንም በዕለቱ ስጧት። እሷን አጉድላችሁ ለሌላ ድሃ የምትሰጡት የእናንተ ስጦታ አይደለም።

ቅጠሉንም ዕወቁት። ሻይ ቅጠል የምንለው ከካፋው ውሽውሽና ከኢሉባቦሩ ጉመሮ ነው የሚመጣው፤ ዝናብ የማይለየው አገር ይፈልጋል። የእኛ ደጋ ከጥቅምት ወዲያ ይደርቃል፣ ውርጭም ይመታዋል። እዚህ የሚችለው ጦስኝ ነው፤ ከወገራ እስከ ስሜን ከፍታ ድረስ መሬት ላይ ተነጥፎ፣ በድንጋይ መሐል ተሸጉጦ ይበቅላል። የዕፅዋት ሊቃውንት ታይመስ ሽምፐሪ ይሉታል፤ የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ሀብት ነው። ሽምፐር በደጃዝማች ውቤ ዘመን እዚህ አገር የኖረ ጀርመናዊ ዕፅዋት ሰብሳቢ ነበር። ስሙ ለእሱ ደረሰው። ቅጠሉን ለሳል አፍልተው ያጠጡት፣ ለሽሮና ለበርበሬ የለዩት እናቶች ስም ግን የትም አልተጻፈም።

ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ የእነሱ ዕውቀትም ዋጋ እንዳለው ለማሳየት ነው። በደቡብ አፍሪካ ሩይቦስ የሚባል ቀይ ሻይ አለ፤ እሱም በሴደርበርግ ተራሮች አካባቢ እንጂ ሌላ ቦታ አይበቅልም። መጀመሪያ ያወቁት የኮይና የሳን ሕዝቦች ናቸው። ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ የሩይቦስ ነጋዴዎች ገበሬው ከሚሸጥበት ዋጋ ላይ 1.5 በመቶ ለእነዚህ ሕዝቦች እንዲከፈል ተስማሙ። እንደ ምጽዋት ሳይሆን እንደ ዕዳ ነው የተከፈለው። እኛም አገር ስለ ዕፅዋት ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 482/1998 ነው። ፈልጋችሁ አንብቡት።

አሁን ወደ ሥሩ ልምጣ፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ጦስኝ አጭር ስለሆነ፣ የቸኮለ ሰው ጨብጦ ከነሥሩ ይመነግለዋል። ማዳበሪያው ቶሎ ይሞላል፣ ክብደትም ያገኛል፤ በቀጣዩ ዓመት ግን ያ ቦታ ባዶ አፈር ነው፣ ክረምት ሲመጣም ጎርፍ ይወስደዋል። በልጅነቴ ከአምባ ጊዮርጊስ አጠገብ በጠረኑ ብቻ የምናውቃቸው ተዳፋቶች ነበሩ። ዛሬ ስትሄዱ አይሸታችሁም። በማጭድ ከላይ ከላዩ ይታጨድ፤ ከየመደቡም አበባው ዘር እስኪጥል የሚተው ይኑር። ሥር ያለበትን አትቀበሉ፣ በርካሽም ቢሆን። ገዢው ከነሥሩ እየተቀበለ ለቃሚዋን «አትንቀዪ» ማለት ከንቱ ነው።

ይህን በጋራ መጠበቅ ይቻላል፤ መንዞች የጓሳ ሣር መሬታቸውን እንዴት እንዳቆዩት ጠይቁ። ሣሩን ለዓመታት ይዘጉት፣ ሲደርስም አባ ቄራ በሚሉት የጥበቃው አለቃ ትእዛዝ ይከፍቱት ነበር፤ የተፈቀደለትና ያልተፈቀደለትም ተለይቶ ይታወቅ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት አፈረሰው፤ ሕዝቡ ግን በኋላ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መለሰው። የእናንተም ለቃሚዎች ተራራቸውን በተራ የሚዘጉበት ስምምነት ያስፈልጋቸዋል። ስምምነቱን እነሱ ያውጡት፤ እናንተ አክብሩት።

ከስሜን ብሔራዊ ፓርክ ክልል ግን ምንም አትልቀሙ። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገባ፤ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። ፓርኩን ለማዳን ሲባል በውስጡ የነበረችው የግጭ መንደር ሰዎች አገራቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፍረዋል። ሠራተኛ ስትቀጥሩ እነሱን አስቡ። ኮሮናና ጦርነት ቱሪስቱን ሲያስቀሩት ሥራ የፈቱትን በቅሎ አከራዮችና መንገድ መሪዎችም አስቡ፤ ተራራውን ከእነሱ በላይ የሚያውቀው የለም።

ማድረቂያችሁ ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚገባው ቆጥ ይሁን። ፀሐይ ጠረኑን ይወስደዋል፣ እሳት ደግሞ እንጨት ይበላል። በፌስታልም አታሽጉ፤ ቅጠሉ ይሻግታል፣ ፌስታሉም ተመልሶ ከብት ሆድ ይገባል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ የሚተርፍ ካለ፣ ያኔ ስጡ። ጎንደር የአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ናት፤ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚዞር የቆሎ ተማሪ ዛሬም አለ። ብርድ ላይ ለሚያድረው የአብነት ተማሪ አንድ ማንቆርቆሪያ የጦስኝ ሻይ ከዳቦ ጋር ማድረስ ፎቶ አያስፈልገውም። ከመካከላችሁ አንዱ ማታ ማታ ይዞ ይሂድ።

ልጆቹ ፓኬቱን እንደገና እናስነድፋለን ብለው ሄዱ። ክረምቱ ሲወጣ ወደ ወገራ አብሬያቸው ልወጣ ቃል ገብቻለሁ፤ ያቺን እናት፣ በሕይወት ካለች፣ ላስተዋውቃቸው እፈልጋለሁ።