ገመዱ ይይዘዋል

ታላቅ ወንድሜ ሜሪላንድ ውስጥ መካኒክ ነው። እ.ኤ.አ. የ1969 ካማሮ ሊሸጥ ሲያዘጋጅ ቅዳሜ ቅዳሜ አግዘው ነበር። አንድ ቀን ኮፈኑን ከፍተን፣ ፍሬን ረግጬ ማርሽ አስገባሁና ነዳጅ ሰጠት አደረግኩ። ሞተሩ በሹፌሩ በኩል ብድግ ብሎ ቀጥ አለ። ከሻንሲው ጋር የሚይዘው ጎማ ከብረቱ ተላቋል። ያስቀረው ጎኑ ላይ የታሰረ የብረት ገመድ ነው።

"ገመዱ ይይዘዋል፤ ገዢው ምን ይሆናል?" አለኝ።

ገመዱ ታሪክ አለው። ጄኔራል ሞተርስ በ1971 መጨረሻ ወደ 6.7 ሚሊዮን መኪኖች ለጥገና የጠራው በዚሁ ጣጣ ነው። ጎማው ሲላቀቅ ሞተሩ ይነሳል፣ ሲነሳ የነዳጅ መስጫውን ዘንግ ይስባል፣ ነዳጅ ሲጨመርለት ደግሞ ይብስበታል። የፍሬኑን ማገዣ ቱቦም ከነቀለው ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል። መፍትሔው ጎማው ቢላቀቅም ሞተሩ እንዳይነሳ ማሰር ነበር። ሕይወት ያድናል፣ አልንቀውም። ግን ስብራቱንም ይደብቃል።

ታዲያ ለምን ሙሉ ብረት አይደረግበትም? ብረት አይቀደድም። ንዝረቱ ግን የትም አይጠፋም፤ ሻንሲው ውስጥ፣ መሪው ላይ፣ የነጂው ጥርስ ውስጥ ይገባል። ፖሊዩሬቴን መሃል ላይ ነው፣ እሱም ትንሽ ያንቀጠቅጣል። ጎማ ቻይ ነው። እኛ ሰውን "ቻይ" ስንል እያመሰገንነው ነው፤ መቀደዱን ጎንበስ ብሎ የሚያይለት ግን የለም። (ወንድሜም ሁለት ሥራ ይሠራል። ሲጠይቁት "እችለዋለሁ" ነው መልሱ።)

"ወንድም ጋሼ፣ ገመዱ የተሠራው ጎማው ለሚበጠስበት ቀን ነው። ያ ቀን አልፏል። ልጁን የምንሸጥለት መትረፊያውን እኛ የበላንበትን መኪና ነው" አልኩት። ገዢው ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነበር።

ዝም አለ። ዕቃው ውድ አይደለም፤ ድካሙ ነው እንጂ። ቆይቶ "ክሪኩን አምጣ" አለኝ።

የዘይት ቋቱ እንዳይጎዳ ጣውላ ከሥሩ አድርገን ሞተሩን አነሳን። ያስገባነው ጎማው ቢላቀቅ እንኳ ብረቱ ከብረት የሚቆላለፈውን ዓይነት ነው፣ በሁለቱም በኩል። ገመዱንም መልሰን አሰርነው። ልጁ ሲመጣ አሮጌውን ጎማ ከፌስታል አውጥቼ አሳየሁት። ዋጋ ሊያስቀንስበት ሞከረ።