ለቀስተኛ ያልተሰበሰበበት ኀዘን

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ በምሥራቅ አዲስ አበባ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለወረርሽኙ ሕሙማን ተለየ፤ የድግስና የባዛር ስፍራ የነበረው የቦሌው ሚሊኒየም አዳራሽም የሕክምና ማዕከል ሆነ። መጋቢት 30 የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለማስፈጸም የወጣው ደንብ መጨባበጥንና ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ሲከለክል፣ የሶሲዮሎጂ ጀማሪ ተማሪ በቃል የሚያጠናው «ማኅበራዊ ሐቅ»፣ ማለትም ከግለሰቡ ውጭ ሆኖ ግለሰቡን የሚያስገድድ የአኗኗር ሥርዓት፣ በገሃድ ታየ፤ ለሰላምታ የተዘረጋ እጅን ያልጨበጠ ሰው ሕግ አክብሮ ሳለ ነውር የሠራ ያህል ይሸማቀቅ ነበርና።

ጽንሰ ሐሳቡን በ1895 እ.ኤ.አ. የተነተነው ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርካይም፣ ለቅሶ የግል ስሜት መግለጫ ከመሆኑ በፊት ማኅበረሰቡ የሚጥለው ግዴታ መሆኑን አስተምሯል። እድርተኛው ድንኳን ሳይተክል፣ ጎረቤት ሳያስተዛዝን የተቀበረ ወገን ያለበት ቤተሰብ የዚህን አባባል እውነትነት አጥብቆ ይረዳል። ሆኖም ትንታኔው እዚህ ላይ ይጎድላል፦ ጥቂት ካህናት ብቻ ቆመው ያደረሱት ፍትሐት፣ ማለትም ለሟች ነፍስ የሚደረግ ጸሎት፣ በአማኙ ዘንድ ከቶ አይጎድልም፤ ሰሚው እግዚአብሔር እንጂ የተሰበሰበው ሕዝብ አይደለምና።